የተከፈተበት ቀን

በዚያ መንገድ ላይ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው እምብዛም የለም። ሁሉም «አልፎበታል» ይሏታል። ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣላት ግን ትናንት ወደ ሰፈሩ የገባ ተከራይ እንኳ ያስረዳል። ቤቱ ከርሞ የተረፈ መድኃኒት ይዞ ወደ ፋርማሲዋ ለመጣ ሰው ሁሉ መልሷ አንድ ነው። ሣጥኑን ትቀበላለች፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ትሰቅላለች፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ወደ ብርሃን አዙራ ታነባለች፤ ከዚያ ዳኛ ፍርድ እንደሚያነብ ሁሉ «አልፎበታል» ትላለች። ይግባኝ የለም። «አንድ ሳምንት እኮ ነው ያለፈው» የሚል ደፋር ቢገኝ፣ «አውቶቡስ በአንድ ደቂቃም ቢያመልጥህ ያው አምልጦሃል» ብላ ሣጥኑን ወደ ቅርጫቱ ትወረውረዋለች።

እንግዲህ ይህች ሴት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሌላውን ቀን ስትቆጥር የኖረች ሴት፣ ዘንድሮ የራሷ አለፈባት። አሁን እሷም በሳቅ ነው የምታወራው፤ ስትስቅም ደስ ትላለች። ያን ሰሞን ግን ሳቋን ውሃ በልቶት ነበር።

ፋርማሲዋ ሦስት ሰው ገብቶ አራተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ቤት ናት። ባንኮኒው ክርኗን በምታስደግፍበት በኩል ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ጥግ ላይ ያለው ፍሪጅ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ከፍሪጁ በላይ የሙያ ፈቃዷ በመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ በሩን ከመክፈቷ በፊት፣ መሰላል ላይ ወጥታ መደርደሪያዎቹን ከላይ እስከ ታች ትፈትሻለች፤ ቶሎ የሚያልፍበት ወደ ፊት፣ የሚቆየው ወደ ኋላ። ሦስት ወር የቀረው ሣጥን ቀይ ነጥብ ያርፍበታል። ቀዩ እስክሪብቶ ከነጭ ጋውኗ የደረት ኪስ ተለይቶ አያውቅም፤ ባሏ «ስትቀበሪም አብሮሽ ይገባል» ይላታል።

ከሁሉ አብልጣ የምትጨነቀው ለዓይን ጠብታ ነው። ጠብታ የገዛ ሰው ትምህርቷን ሳይሰማ ከበር አይወጣም።

«ሣጥኑ ላይ ሁለት ዓመት ይላል አይደል? እሱን ይርሱት። እሱ ሳይከፈት ነው። ክዳኑን ከከፈቱት በኋላ ያለው ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ግማሽ ቢቀርም ይጣላል። ገባዎት?»

ገባኝ ማለት ብቻ አይበቃትም። በቀዩ እስክሪብቶ ሣጥኑ ላይ «የተከፈተበት ቀን» ብላ ትጽፋለች፣ ከፊቱ መስመር ታሰምራለች፣ «ቤትዎ ሲደርሱ ይሙሉት» ብላ ታስረክባለች። ሰው ይሳለቅባታል፤ ግን ይሞላል። ለምን እንዲህ እንደምትሆን ለደንበኞቿ ነግራ አታውቅም። እናቷ በአንድ ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚያዩት። ሌላውን ያጠፋባቸው ጎረቤት ያዋሰቻቸው፣ ተከፍቶ ስንት ወር እንደቆየ ማንም ያላወቀው ጠብታ ነው፤ ሣጥኑ ላይ የታተመው ቀን ግን አላለፈም ነበር። ይህን የሚያውቁት ባሏና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ናቸው።

ያ ሌላ ሰው ከመንገዱ ማዶ ነው ያለው። ፊት ለፊቷ ሌላ ፋርማሲ አለ፤ ባለቤቱ አብሯት የተማረ ነው፤ አራት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያኔ ከሲታ ስለነበረ «ቀጮ» ተባለ። ዛሬ የጋውኑ ሁለት ቁልፎች አልዘጋ ካሉት ዓመታት ቢያልፉም ስሙ አልተለወጠም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱ ያጣውን መድኃኒት ከሌላው እያስመጣ፣ «አንተ» «አንቺ» እየተባባሉ፣ በመንገዱ ላይ እየተጯጯሁ ኖሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት ግን ጉድ ፈላ። አንዲት እናት ከቀጮ ዘንድ የልጅ ትኩሳት ሽሮፕ ገዝታ፣ ስንት ማንኪያ እንደምትሰጥ ልትጠይቅ ወደዚህ ጎራ አለች። የኛዋም እንደ ልማዷ ሣጥኑን ገለበጠችው። ሁለት ቀን አልፎበታል። ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እሷ ግን መቼ ድምፅ መቀነስ ታውቃለች? «አልፎበታል!» አለች፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ። ወሬው ከሴትየዋ ቀድሞ መንገዱን ተሻገረ። ማምሻውን ቀጮ ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣ።

«ከሰው ፊት? ጠርተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ስትሸጠው በሹክሹክታ ነው እንዴ የሸጥከው?»

ቀጮ ትክ ብሎ አያት። «እሺ» አለ። «ደህና ይዋሉ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት «አንቺ» ያላት ሰው «ደህና ይዋሉ» ሲላት በሩን ፊቷ ላይ የዘጋባት ያህል ነው የተሰማት። እሷም እልኸኛ ናትና «ደህና ይዋሉ» ብላ መለሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። መንገድ ላይ ቢገናኙ እንደ ሁለት ሚኒስትሮች አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ «እርስዎ» ተባብለው ያልፋሉ። አክብሮት እንዲህ አድርጎ ሰው ሲያለያይ ማን አይቷል?

ባሏ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ኩርፊያ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ከሰዓት በኋላ የዳማ ገበታውን ብብቱ ሥር አድርጎ መንገዱን ይሻገርና ከቀጮ ደጃፍ ይቀመጣል። እሷ በመስታወቱ አሻግራ ታየዋለች፤ እንዳላየች ሆና ሣጥን ትደረድራለች። አንድ ቀን ታዲያ ከዳማው ሲመለስ መልእክት ይዞ መጣ።

«ቀጮ፣ ዓመታዊውን ትክፈል ብሏል።»

«የምኑን ዓመታዊ?»

«የሙያ ፈቃዱን። ደንቡ ተለውጧል አለ። ፈቃዱ እንደ ድሮው ለአምስት ዓመት ነው፤ ግን በየዓመቱ የእድሳት ይከፈልበታል። ያልከፈለ ይታገዳል።»

እሷም ከፍሪጁ በላይ ወደተሰቀለው ፍሬም በእስክሪብቶዋ አመለከተች። «የተጻፈው ይታይሃል? ገና ከሁለት ዓመት በላይ ይቀረዋል። እኔ የምሠራው በታተመ ቀን ነው። ማንበብ እችላለሁ በልልኝ።»

ባሏ ማዶ ሲደርስ «አመሰግናለሁ ብላለች» አለ። ከዚህች ሴት ጋር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው አስተርጓሚነት መልመዱ አይቀርም።

ጽሕፈት ቤቱስ ዝም አላለም፤ በስልኳ መልእክት ልኮላት ነበር። እሷ ግን በስልክ የሚመጣ ጽሑፍ ሁሉ «ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል ሌባ ነው ብላ ስለምታምን አንዱንም ከፍታ አታውቅም። በቀጮ አፍ የመጣውንም ሆነ በስልክ የመጣውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ዓመቱን ጨረሰች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የመድኃኒት አከፋፋዩ መኪና ደጃፏ ቆመ። ሾፌሩ ስምንት ዓመት ያመላለሰላት ጨዋ ሰው ነው። ካርቶኖቹን ደፉ ላይ ደርድሮ፣ እንደ ደንቡ የፈቃድ ቁጥሯን በእጁ በያዘው መሣሪያ መታ። ፊቱ ተለወጠ። ደግሞ መታ።

«እትዬ፣ አልቀበል አለኝ።»

«ባትሪው ደክሞ ይሆናል።»

«ባትሪ አይደለም። ታግዷል ነው የሚለው።»

«የማን?»

«የእርስዎ፣ እትዬ።»

ክው አለች። ሾፌሩ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ዓይኗን ላለማየት እየተጠነቀቀ፣ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ መልሶ ጫነ። እሷ ባሏን ጠርታ ስልኩን ሰጠችው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ያልተከፈተ መልእክት ነበር። ከማስታወቂያውና ከእውነተኞቹ የሎተሪ ሌቦች መካከል አራቱ የጽሕፈት ቤቱ ናቸው፤ ማስታወሻ፣ ሁለተኛ ማስታወሻ፣ የእገዳ ማስታወቂያ። አራተኛውን ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያነበበው። እገዳው በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተነሣ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ የተሰረዘበት ባለሙያ እንደ አዲስ ተመዝግቦ የብቃት ፈተና ይቀመጣል።

«ስንተኛ ቀናችን ነው?» አለችው።

ባሏ በጣቱ ቆጠረ። «ዛሬ ሃያ ስምንት።»

ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከልጆቿ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ወንበር ይዛ፣ ከትምህርት ቤት ወዲህ ያላየችውን ቀመር ልትጽፍ ነው። ብትወድቅ ያች ጠባብ ቤት ዳግም አትከፈትም። ይህ አስፈራት። ያንገበገባት ግን ሌላ ነው።

«ሃያ ስምንት ቀን!» አለች ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ። «ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ አልፎብኝ ስሸጥ!»

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ገርበብ አድርጎ እስኪያሳድስ ድረስ መሸጡን በቀጠለ ነበር። እሷ በዚያው ደቂቃ ጋውኗን አወለቀች። ሰው እየጠበቀ ነበር፤ አንድ ክኒን እንኳ አልሰጠችም። ወረቀት አንሥታ በቀይ እስክሪብቶ «ተዘግቷል። መድኃኒት የሚፈልግ ማዶ ይሂድ» ብላ ጻፈችና በሩ ላይ ለጠፈችው። «ማዶ» የምትለዋን ቃል ስትጽፍ እጇ እንደከበዳት ባሏ አይቷል።

ሐሙስ ማለዳ የፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ ግቢው ውስጥ ገብቶ ነበር። ፈቃዷን ይዛ መጥታለች፤ ከነመስታወቱ፣ ከነፍሬሙ፣ ከነምስማር ማንጠልጠያው፣ በጋዜጣ ጠቅልላ። ከኋላዋ የቆመች ነርስ «ሥዕል ነው የሚሸጡት?» ብላ ጠየቀቻት። ተራዋ ሲደርስ መስኮት ሦስት ላይ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ባለመነጽር ሠራተኛ ፊት ጋዜጣውን ገለጠች።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን ቀን አንብብልኝ።»

አነበበ። «ገና ሁለት ዓመት አለው።»

«ታዲያ?»

ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ ደግሞ አያት። ፊቱ በራ። «እርስዎ… የጠብታዋ እትዬ አይደሉም እንዴ? እናቴን ሃያ ስምንት ቀን ይቁጠሩ እያሉ ያስጨነቋት! እስከ ዛሬ ጠብታ በገዛች ቁጥር ቀን ጻፍልኝ እያለች ከሥራ ታስጠራኛለች።»

«ዓይናቸው እንዴት ነው?» አለች፣ የመጣችበትን ረስታ።

«ደህና ናት፣ እግዜር ይስጥልን። ግን እናቴን ምን ነበር ያሏት? ሣጥኑ ላይ ሁለት ዓመት ቢልም ይርሱት፣ እሱ ሳይከፈት ነው፤ አላሏትም?»

«ብያለሁ።»

«ይኸውልዎ፣ የእርስዎም ፈቃድ ተከፍቷል እኮ፣ እትዬ። አምስት ዓመቱ ሣጥኑ ላይ ያለው ነው። ሥራ ከጀመሩበት በኋላ በየዓመቱ ነው የሚታየው።»

ሠላሳ አራት ዓመት ለሕዝብ ስታስተምር የኖረችው ትምህርት በመስኮት ሦስት በኩል ዞሮ መጣባት። የሚገርመው ደንቡ ያን ጊዜ ነው የገባት። ከባሏ አፍ አልገባትም፤ ከቀጮ አፍማ ጭራሽ። አሁን ግን እንደ ጠብታው ግልጽ ሆነላት፤ በራሷም አፈረች። የታተመ ቀን የእናቷን ዓይን እንዳላዳነ ከሷ በላይ ማን ያውቃል?

ክፍያውና ቅጣቱ የፈራችውን ያህል አልነበረም፤ በሩብ ሰዓት ከፍላ ደረሰኙን ይዛ ተመለሰች።

«አለቀ?»

«አንድ ቅጽ ይቀራል» አለ ሠራተኛው። «እዚያው አካባቢ የሚሠራ፣ ቢያንስ አሥር ዓመት የሚያውቅዎ፣ ፈቃዱ ያልታገደ ባልደረባ ያምጡ። እዚህ እኔ ፊት ስለ ሥራዎ መስክሮ ይፈርማል። ግን ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ። ቅዳሜ ዝግ ነን፤ ሠላሳው ቀን ካለፈ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሰርዘዋል፤ ያኔ እኔም ልመልሰው አልችልም። ሰው አለዎት አይደል?»

«አለኝ» አለች። ሰውስ ነበራት።

በአውቶቡሱ መስኮት እያየች የምትለውን አጠናች። «እንደምን ዋሉ» ብላ ትጀምራለች፣ ከዚያ… ከዚያ ወዲያ ያለው አልመጣላትም። በአካባቢው ሦስተኛ ፋርማሲ አለ፤ ግን ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላ ማንም የለም። ከፌርማታው ስትወርድ አንዲት የዘወትር ደንበኛዋ፣ ከዘራቸውን የያዙ አሮጊት፣ ከቀጮ ፋርማሲ ሲወጡ አገኘቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ ተሻለሽ? ታማ ነው የዘጋችው ብለውኛል» አሏትና የጠብታ ሣጥን ከቦርሳቸው አወጡ። «እዪው እስቲ፣ ልክ ነው?»

ሣጥኑ ላይ በቀይ «የተከፈተበት ቀን» ተብሎ ተጽፏል። ከፊቱ መስመር ተሰምሯል።

«ማን ጻፈው?»

«ማዶ ያለው ነዋ። ካልጻፍክልኝ አልወስድም አልኩት። የሷን ሰዎች አውቃችኋለሁ አለና ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ።»

የቀጮ ደጃፍ ላይ ባሏና ቀጮ ዳማ ይዘው ነበር። ባሏ ሲያያት ጠጠሮቹን ሰብስቦ፣ እየመራ የነበረውን ጨዋታ ጥሎ፣ «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ተነሣ። ቤት ውስጥ ዳቦ ሞልቷል። ቀጮም ወደ ባንኮኒው ገባ፤ እሷም ተከትላው ገባች። ሦስት ዓመት ያልረገጠችው ቤት ነው። ዓይኗ ሳታዝዘው መደርደሪያውን ቃኘ፤ ቶሎ የሚያልፍበት ወደ ፊት፣ የሚቆየው ወደ ኋላ።

«ምን ልታዘዝ?» አለ ቀጮ።

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። ፍሬሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ሾፌሩን፣ መልእክቶቹን፣ ሃያ ስምንቱን ቀን፣ መስኮት ሦስትን፣ ቅጹን። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ያን ጊዜ ሽሮፑ አልፎበት ነበር። እሱን አልመልሰውም። ሰው ፊት መጮህ ግን አልነበረብኝም። ጠርቼ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉም አውቀው ነበር።»

ቀጮ የጋውኑን ቁልፍ ሊቆልፍ ሞከረ፤ አልደርስ አለው፤ ተወው።

«ነገ ሁለት ሰዓት ፌርማታው ላይ ይጠብቁኝ» አለ።

እርስዎ። አሁንም እርስዎ። እንደሚመጣ ተስፋ አደረገች፤ መጥቶ ምን እንደሚጽፍ ግን እግዜር ይወቅ። ከዓመታት በፊት በሰው ፊት ያዋረደችው ሰው ነገ በመንግሥት ወረቀት ላይ ስለሷ ሊጽፍ ነው። እህል ሳትቀምስ አደረች።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ ቀጮ ከሷ ቀድሞ ፌርማታው ላይ ቆሟል። ቤቱን ዘግቶ ነው የመጣው፤ በዚያ መንገድ ላይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ፋርማሲዎች አንድ ላይ ሲዘጉ ያ የመጀመሪያው ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፍሬሙ በሁለቱ ጉልበት ላይ ተጋደመ። ስለ ሙቀቱ ተነጋገሩ፤ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት ተነጋገሩ፤ አለቀ።

መስኮት ሦስት ላይ ሠራተኛው ቅጹን አቀበለው። ቀጮ መነጽሩን አደረገና ጥያቄዎቹን እያንበለበለ ይሞላ ጀመር። አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ጮክ ብሎ አነበበው።

«ባለሙያዋ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ስትሸጥ ወይም ስታስቀምጥ አይተው ያውቃሉ?»

ሆዱ መናወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ያመመው መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነው። ቀጮ የመስኮቱን ደፍ ይዞ፣ እንባው እየፈሰሰ፣ ሰልፉ ሁሉ እያየው ይስቃል። «እሷ!» ይላል፣ «እሷን እኮ ነው የሚጠይቁኝ!» ሲበርድለት «በፍጹም» ብሎ ጻፈ። ከታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ቦታ ነበር፤ እዚያ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በክንዱ ከልሎ፣ ረጅም ጻፈ። ሠራተኛው ተቀብሎ ከማተሙ በፊት እንደ ልማዱ አነበበ፤ ድምፁን አውጥቶ ነው የሚያነበው።

«ከሦስት ዓመት በፊት የሸጥኩት ሽሮፕ ሁለት ቀን አልፎበት ነበር። ይህች ሴት በሰው ፊት ተናገረች፤ ተቀየምኳት። ልክ ግን ነበረች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔም ሰኞ ሰኞ መደርደሪያዬን እፈትሻለሁ። ለምን እንደምትጮህ አውቃለሁ፤ እናቷን አውቃቸው ነበር። ለልጆቼ መድኃኒት ብፈልግ ከራሴ እጅ ይልቅ ከሷ እጅ ብወስድ እመርጣለሁ።»

ሠራተኛው ቀና አለ። «ጋሼ፣ የሽሮፑን ነገር እንዲህ እንዳለ ላስገባው?»

«እንዳለ።»

እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰልፉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች፤ ለማንም ግድ አልነበራትም። ማህተሙ ሲያርፍ ሰማችው። ሠራተኛው ቁልፎቹን መታ መታ አደረገና ኮምፒዩተሩን ወደሷ አዞረው። ከስሟ ጎን «የታገደ» የሚለው ጠፍቶ «የጸና» ይላል። የታደሰበትን ቀን አነበበች፣ የሚቀጥለውን የክፍያ ቀን አነበበች፤ ልማድ ነውና ሁለቴ አነበበች። ከዚያ ከደረቷ ሥር የወጣ ረጅም እፎይታ ተነፈሰች። ከረቡዕ ጀምሮ አየር የሳበች አልመሰላትም።

ደረጃውን ሲወርዱ ቀጮ ከኋላዋ ነበር።

«ስሚ አንቺ» አለ፣ «ይህን መስታወት ግን ለምንድን ነው እንደ ታቦት ተሸክመሽው የምትዞሪው?»

አንቺ። ደረጃው መካከል ቆመች። ፈተናው የቀረላት፣ ቤቷ የተከፈተላት፣ ሁሉም ያኔ ነው እውነት የሆነላት።

«አንተ ዝም ብለህ ያዝልኝ» አለችው፣ «ክንዴ ተገነጠለ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ቀደደች። ጋውኗን ለበሰች። ፍሬሙን ወደ ምስማሩ ከመመለሷ በፊት ቀዩን እስክሪብቶ አወጣችና መስታወቱ ላይ «የተከፈተበት ቀን» ብላ ጻፈች፣ ከፊቱ መስመር አሰመረች፣ የዓርቡን ቀን ሞላች። ከሥሩ የሚቀጥለውን ዓመት ቀን ጽፋ ትልቅ ነጥብ አሳረፈችበት። ባሏ መሰላሉን ይዞላት ነበር፤ «ለኔም ጻፊልኝ፣ መቼ እንደተከፈትኩ ረስቼዋለሁ» አላት።

ሦስት ሰዓት ሳይሆን ቤቱ ሞላ። የሾፌሩ ካርቶኖች ገቡ። አሮጊቷ ከዘራቸውን ባንኮኒው ላይ አንጠልጥለው ወንበሩን ያዙ። በዚህ መካከል ቀጮ ጋውኑን እንደለበሰ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ በእጁ አንድ የሽሮፕ ሣጥን ይዟል። ሰው ሁሉ ወደ ባንኮኒው ዞረ፤ የሦስት ዓመቱን ነገር የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ቀጮ ሣጥኑን በሁሉም ፊት ባንኮኒው ላይ አኖረው።

«እዪልኝ እስቲ። ዓይኔ ደክሟል።»

መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች። ሣጥኑን ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃን አዞረችው፣ ደቃቋን ጽሑፍ አነበበች። አሮጊቷ አንገታቸውን አሰገጉ። እሷም በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች።

«ገና ነው! አላለፈበትም!»